የዓምናው የዒድ ልብስ ዘንድሮም ሲበቃው፡ የእድገት ሆርሞን እጥረት ያለባቸው ልጆችና ሕክምናቸው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ከወትሮው ለየት ያለ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የሕክምና ጉዳይ ነው። «ኢማም ስለ ሆርሞን ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለምን እንደሚያገባን ከሚከተለው ታሪክ ትረዱታላችሁ።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ አባት ወደ እኛ ቀረበ። በሰፈራችን በልብስ ስፌት የሚተዳደር ወንድማችን ነው። ልጁ በመድረሳችን ይቀራል፤ ዕድሜው ያኔ ሰባት ዓመት ነበር። «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ አላድግ አለኝ፤ እናቱም ተጨንቃለች። ምን ይሻላል?» አለን። ልጁን አየነው። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ፊቱ የሕፃን ፊት፣ ቀልጣፋና ደስተኛ ልጅ ነው። በቂርአቱም ከጓደኞቹ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። «አይዞህ ወንድሜ፣ አላህ ሲለው ይረዝማል። አንተስ መቼ ረጅም ሆንክና!» ብለን ቀልደን ሸኘነው።

ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ደግሞ እናቱ መጣች። በፌስታል የያዘችውን አንድ ነጭ ጀለቢያ አውጥታ ከፊታችን ዘረጋችው። «ኡስታዝ፣ ይህንን አባቱ የሰፋለት የዛሬ ሦስት ዓመት ለዒደል ፊጥር ነው። ዓምናም ለበሰው፣ ዘንድሮም ለበሰው። ታናሽ እህቱ በቁመት በልጣዋለች። እርስዎ ይረዝማል ብለውን ነበር» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። አራት ዓመት የባከነው በእኛ አንድ ቀልድ ነበር። አባትየው ምክር ሊጠይቀን በመጣበት ዕለት «ሐኪም አሳየው» ብንል ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ልጁ በኋላ በተደረገለት ምርመራ የእድገት ሆርሞን እጥረት እንዳለበት ታወቀ። እኛም ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ስንጠይቅና ስናነብ የተረዳነውን ለእናንተ ማካፈል ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ልጅ እንዴት ያድጋል?

በአንጎላችን ሥር፣ ከዐይኖቻችን በስተኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አንዲት ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። በመጠን ትንሽ ትሁን እንጂ የሰውነታችንን ብዙ ሥራዎች የምታዝዘው እርሷ ናት። ከምታመነጫቸው መካከል አንዱ የእድገት ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን አይፈስም። በየተወሰነ ሰዓት ይለቀቅና ይቆማል። በብዛት የሚለቀቀው ሌሊት፣ ልጁ ከባድ እንቅልፍ ሲወስደው ነው።

ሆርሞኑ በደም በኩል ወደ ጉበት ሲደርስ ጉበት አይ ጂ ኤፍ-1 የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር እንዲያመርት ያደርጋል። ሁለቱም ተባብረው በእግርና በእጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ በሚገኘው፣ ገና ባልጠነከረው ለስላሳ አጥንት ላይ ይሠራሉ። ልጅ የሚረዝመው በዚህ ለስላሳ ክፍል አማካይነት ነው። ጉርምስናው ሲያበቃ ይህ ክፍል ይጠነክርና ይዘጋል። በአብዛኛው በሴቶች ከ14 እስከ 15፣ በወንዶች ደግሞ ከ16 እስከ 17 ዓመት ገደማ ማለት ነው። አንዴ ከተዘጋ በኋላ የዓለም መድኃኒት ሁሉ ቢሰበሰብ ቁመት አይጨምርም። ይህንን ነጥብ ያዙልን፤ ዛሬ የምንናገረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ጤናማ ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 25 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በየዓመቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ከአራት ዓመት በላይ የሆነ፣ ገና ለጉርምስና ያልደረሰ ልጅ በዓመት ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች ካደገ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባው ልጁ አጭር መሆኑን ብቻ ሳይሆን እድገቱ መዘግየቱን ነው። አጭር ሆኖ በየዓመቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሚጨምር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ቀድሞ ከእኩዮቹ እኩል የነበረና በየዓመቱ ወደ ኋላ እየቀረ የሄደው ግን ያሳስባል።

አጭር ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም

አንዳንድ ልጅ የሚያጥረው ወላጆቹ አጫጭር ስለሆኑ ነው። ይህ የዘር ጉዳይ እንጂ በሽታ አይደለም። ሐኪሞች ለዚህ ቀላል ስሌት አላቸው። ለወንድ ልጅ የአባትና የእናት ቁመት ይደመርና 13 ተጨምሮበት ለሁለት ይካፈላል። ለሴት ልጅ ግን ከድምሩ 13 ተቀንሶ ለሁለት ይካፈላል። ለምሳሌ አባት 168፣ እናት 156 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ከወንድ ልጃቸው የሚጠበቀው 168 ተኩል፣ ከሴት ልጃቸው ደግሞ 155 ተኩል ገደማ ነው። ከዚህ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የተለመደ ነው።

ሌላው ደግሞ ጉርምስናው የሚዘገይ ልጅ ነው። እኩዮቹ ሲመዘዙ እርሱ ወደ ኋላ ይቀርና ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ይደርስባቸዋል። ብዙ ጊዜ አባቱ ወይም አጎቱ እንዲሁ ዘግይቶ ያደገ ሆኖ ይገኛል። «ይረዝማል» የሚለው ማጽናኛ የሚሠራው ለዚህ ዓይነቱ ልጅ ነው። የእኛም ስሕተት ልጁ ከዚህ ወገን መሆን አለመሆኑን ሳናረጋግጥ መናገራችን ነው።

በአገራችን ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚበዛው በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ምክንያት የሚመጣው መቀንጨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። የሚገርመው ነገር በምግብ እጥረት በተጎዳ ልጅ ደም ውስጥ የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ ሊገኝ መቻሉ ነው። ዕጢዋ ታዝዛለች፤ ጉበት ግን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ስለሌለው ትእዛዙን አይፈጽምም። ስለዚህ ለዚህ ልጅ መርፌ አይፈይደውም። የሚያስፈልገው እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ንጹሕ ውኃና ክትባት ነው፤ ያውም ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ባለው ጊዜ።

የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የኩላሊት ሕመም፣ ስንዴና ገብስ የማይስማማው አንጀት፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ በሴት ልጆች ላይ ደግሞ ተርነር የሚባለው የተፈጥሮ ችግር እድገትን ይገታሉ። በመሆኑም አጭር ልጅ ያየ ሁሉ «ሆርሞን ነው» ብሎ መደምደም የለበትም።

የእድገት ሆርሞን እጥረት ምልክቶች

ይህ እጥረት ብዙ ሰው ላይ የሚታይ አይደለም። ከ4,000 እስከ 10,000 ከሚሆኑ ልጆች አንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። በአንዳንዶቹ ከውልደት ጀምሮ ያለ ነው፤ ዕጢዋ በትክክል ሳትፈጠር ትቀራለች ወይም ሆርሞኑን የሚያሠራው ዘረ መል ጉድለት ይኖርበታል። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይመጣል። በዕጢዋ አካባቢ የሚያድግ እባጭ፣ በጭንቅላት ላይ የደረሰ ከባድ አደጋ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ ለካንሰር ሕክምና ጭንቅላት ላይ የተሰጠ ጨረር ሊያስከትሉት ይችላሉ። በብዙዎቹ ልጆች ግን ምክንያቱ አይታወቅም። የተሻገረው ሰው ስላለ ወይም የሰው ዐይን ስላረፈበት ነው እያሉ ጎረቤትን መጠርጠር ግን ልጁን አይጠቅምም፤ ጉርብትናንም ያበላሻል።

እጥረቱ ያለባቸው ልጆች ሲወለዱ ቁመታቸው ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ችግሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነታቸው የተመጣጠነ ነው፤ እጅና እግራቸው ከደረታቸው ጋር ይመጣጠናል። ፊታቸው ከዕድሜያቸው በታች ልጅ ይመስላል። ሆዳቸው አካባቢ ስብ ይበዛል፤ ጥርሳቸው ዘግይቶ ይበቅላል ወይም ዘግይቶ ይለወጣል። አእምሯቸው ግን በዚህ ምክንያት አይደክምም። በተወለዱ ሰሞን የደም ስኳር ተደጋግሞ መውረድ፣ ረዘም ያለ ቢጫነት፣ በወንዶች ላይ ደግሞ የብልት ከመጠን በላይ ማነስ ከታየ ለሐኪም ሳይዘገይ መንገር ያስፈልጋል። የስኳር መውረድ ለሕይወት የሚያሰጋ ነውና።

ራስ ምታት፣ ትውከትና የዐይን ብርሃን መቀነስ ከእድገት መቆም ጋር አብረው ከመጡ ደግሞ በአንጎል ውስጥ እባጭ ሊኖር ስለሚችል አንድ ሳምንት እንኳ መታገሥ አይገባም።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልጁን የቁመት ታሪክ ነው። የክትባት ካርድ ላይ የተጻፈ፣ ትምህርት ቤት የተለካ፣ ግድግዳ ላይ የተሰመረ ሁሉ ይጠቅማል። በመቀጠል የግራ እጅ ራጅ ይነሣል። ከእጅ አጥንቶች መልክ የአጥንቱ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ያ የሰፈራችን ልጅ ዕድሜው 11 ሆኖ ሳለ አጥንቱ ሰባት ዓመት ተኩል ነበር። ሐኪሙ ለወላጆቹ «መዘግየታችሁ ጎድቶታል፤ ነገር ግን አጥንቱ ልጅ ስለሆነ ገና ጊዜ አለው» አላቸው። እናቱ በዚያች ዕለት ያለቀሰችው ከሐዘን ይልቅ ከተስፋ የተነሣ እንደነበር ነግራናለች።

ከዚያ የደም ምርመራ ይከተላል። ሆርሞኑ በቀን ውስጥ እየተለቀቀ የሚቆም ስለሆነ በዘፈቀደ አንድ ጊዜ ደም ወስዶ መለካት ምንም አያሳይም። ስለዚህ አይ ጂ ኤፍ-1 ይለካል። ካስፈለገም ልጁ ምግብ ሳይቀምስ ዕጢዋን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ይሰጠውና በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ለጥቂት ሰዓታት ደም ይቀዳል። በቂ ሆርሞን ካልወጣ እጥረቱ ይረጋገጣል። ዕጢዋን በዐይን ለማየት ደግሞ የኤም አር አይ ምርመራ ይታዘዛል።

ይህንን ሁሉ የሚያካሂደው በልጆች ሆርሞን ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በናይሮቢ ለአፍሪካ የሕፃናት ሐኪሞች የተከፈተው ሥልጠና የአገራችንን ሐኪሞችም አፍርቷል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የልጆች የሆርሞን ክሊኒክ አለ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ወላጆች በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ጀምራችሁ በሪፈር መምጣት ትችላላችሁ።

መድኃኒቱ ከየት መጣ?

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ትምህርት ያለው ነው። ሳይንቲስቶች መጀመሪያ የሞከሩት ከከብት ዕጢ የተወሰደውን ሆርሞን ነበር። የስኳር ሕመምተኞች ከከብትና ከአሳማ በተወሰደ ኢንሱሊን ይታከሙ ስለነበር ይህም እንዲሁ የሚሠራ መስሏቸው ነበር። ሆኖም የከብት የእድገት ሆርሞን በሰው ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሪስ ራበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከሞቱ ሰዎች ዕጢ በተወሰደ ሆርሞን የ17 ዓመት ወጣትን አክሞ ቁመት መጨመሩን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በዚህ መንገድ ታከሙ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ግን አስደንጋጭ ነገር ታወቀ። በልጅነታቸው ይህንን መርፌ ከወሰዱት መካከል አንዳንዶቹ አንጎልን የሚበላና ፈውስ የሌለው ክሮይትስፌልድ ያኮብ የተባለ በሽታ ይዟቸው ሞቱ። በሽታው ከአንዳንድ ሟቾች ዕጢ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። አሜሪካና እንግሊዝ በዚያው ዓመት መድኃኒቱን አቆሙ። በፈረንሳይ አገልግሎቱ ለተጨማሪ ጊዜ ቀጥሎ ስለነበር ከመቶ በላይ ወጣቶች አልቀዋል። አንዳንዶቹ የታመሙት መርፌውን ከወሰዱ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው በ1985 መጨረሻ ላይ በላቦራቶሪ የሚሠራው ሆርሞን በአሜሪካ ተፈቀደ። የአሠራሩም ዘዴ እንዲህ ነው፤ ሆርሞኑን የሚያሠራው የሰው ዘረ መል በባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያውም በትልልቅ ጋን ውስጥ እየተራባ ሆርሞኑን ያመርታል። ከዚያ ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል። ሶማትሮፒን ይባላል። ከሬሳ የሚወሰድ ነገር ስለሌለው ያ በሽታ አያሰጋውም። ዛሬ በዓለም ላይ ልጆች የሚታከሙት በዚህ ነው።

ኳስ የሚወዱ ወጣቶቻችን አርጀንቲናዊውን ሊዮኔል ሜሲን ያውቁታል። በትውልድ ከተማው በሮዛሪዮ እያለ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ይኸው እጥረት ተገኘበት። ሌሊት ሌሊት እግሩን ይወጋ ነበር። ቤተሰቡ ወጪውን መቀጠል ሲቸግረው የባርሴሎና ክለብ ሕክምናውን ለመሸፈን ተስማማና እ.ኤ.አ. በ2000 በ13 ዓመቱ ወደ ስፔን ሄደ። ዛሬ ቁመቱ 1.70 ገደማ ነው። መድኃኒቱ ግዙፍ አላደረገውም። በተፈጥሮ ሊደርስበት ወደሚችለው ቁመት እንዲጠጋ ረዳው እንጂ። ከዚህ ሕክምና የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

አሰጣጡና ጥንቃቄው

ሆርሞኑ በአፍ ቢወሰድ ጨጓራ ስለሚፈጨው የሚሰጠው በመርፌ ነው። እስክሪብቶ በሚመስል መሣሪያ፣ በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ፣ ከቆዳ ሥር በጭን፣ በሆድ ወይም በመቀመጫ ላይ በየምሽቱ ይወጋል። ቦታውን እየቀያየሩ መውጋት ያስፈልጋል። መጠኑ በልጁ ክብደት ይሰላል፤ ልጁ ሲያድግ መጠኑም ወጪውም ያድጋል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጉ ዓይነቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቅደዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ልጆች ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያድጋሉ። ከዚያ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ «መድኃኒቱ ሠራና ተወ» ብሎ ማቆም አይገባም። ሕክምናው ለዓመታት፣ አጥንቱ ሊዘጋ እስኪቃረብ ድረስ ይቀጥላል። ቀደም ብሎ የጀመረ ልጅ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

በጥቂቶች ላይ የጎንዮሽ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ጠንካራ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመምና ማነከስ ከታየ ቶሎ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። የአከርካሪ አጥንት መጣመም፣ የደም ስኳርና የታይሮይድ ሁኔታም በየጊዜው ይታያሉ። በሥራ ላይ ያለ ካንሰር ያለበት ልጅ ይህንን መድኃኒት አይወስድም።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻል። ያ የሰፈራችን ልጅ አጎቱ በጅዳ ይሠራል። አንድ ጊዜ የሦስት ወር መድኃኒት ገዝቶ ለመንገደኛ ሰጠ። መንገደኛው በሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር አድርጎ ከሁለት ቀን በኋላ አደረሰው። ሐኪሙ አይቶ «ጣሉት» አለ። ያን ያህል ገንዘብ በሙቀት ባከነ። በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቻችን ለዘመድ መድኃኒት ስትልኩ መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ስለ አያያዙ ጠይቁ፤ በበረዶ ቦርሳም ላኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቻችን እንናገር። ጡንቻ ለማሳበጥ ይህንን ሆርሞን በድብቅ የሚገዙ አሉ። አጥንቱ የተዘጋ ሰው በዚህ አይረዝምም። ይልቁንም ለስኳር በሽታ፣ ለእጅና ለእግር እብጠት ራሱን ያጋልጣል። የሚሸጠውም ምን እንደሆነ አይታወቅም።

በዲን በኩል የሚነሡ ጥያቄዎች

ይህንን ጉዳይ ባነሣን ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ይመጡልናል።

አንደኛው «የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ሕመምን ማከምና ፍጥረትን መለወጥ የተለያዩ ናቸው። ዐይኑ የደከመ ሰው መነጽር ሲያደርግ፣ ስኳር ያለበት ኢንሱሊን ሲወጋ ፍጥረት ለወጠ አንልም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዢያ ባደረገው ጉባኤ ከውልደት የመጣንም ሆነ በኋላ የደረሰን ጉድለት ለማስተካከል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የተፈቀደ መሆኑን፣ ለምኞት ብቻ የሚደረገው ግን እንደማይፈቀድ ወስኗል። ውሳኔው ስለ ቀዶ ሕክምና ቢሆንም መለኪያው ለእኛ ርዕስም ይጠቅማል።

ይህም ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ይወስደናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ምንም ሕመም ሳይገኝባቸው እጅግ አጭር ለሆኑ ልጆችም መድኃኒቱ ተፈቅዷል። ከዓመታት መርፌ በኋላ የሚገኘው ጭማሪ ግን በአማካይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው በዚህ ላይ አይስማሙም። እኛም ለዚህ ሲባል ቤት መሸጥን አንመክርም። ጤነኛ የሆነ አጭር ልጅ የሚያስፈልገው መርፌ አይደለም፤ የሚያከብረው ሰው ነው።

ሁለተኛው «ከአሳማ የተሠራ አይደለም ወይ?» የሚለው ነው። ከላይ እንዳልነው የእንስሳ ሆርሞን ለሰው አይሠራም። ስለዚህ ከኢንሱሊን የድሮ ታሪክ ጋር የተምታታ ወሬ ነው።

ሦስተኛው የጾም ጉዳይ ነው። ልጅ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ጾም ግዴታው አይደለም። የደረሰም ቢሆን መርፌው የሚወጋው ማታ ነው። ቀን ቢሆን እንኳ ይኸው አካዳሚ በ1997 በጅዳ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። በረመዷን ምክንያት መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ወጪውና የጀመዓው ድርሻ

እውነቱን መሸፋፈን አያስፈልግም። መድኃኒቱ ውድ ነው። በአሜሪካ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይፈጃል። በሌሎች አገሮች ረከስ ያሉ ዓይነቶች ቢኖሩም ለአንድ ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። በአገራችንም በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም።

የዚያ ልጅ አባት መጀመሪያ ሁለተኛዋን የስፌት መኪናውን ሸጠ። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ 9 ሳንቲ ሜትር አደገ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀና አራት ወር ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት እድገቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አባትየው ለማንም አልተናገረም። እኛ ያወቅነው ሚስቱ ነግራን ነው። ከጁሙዓ በኋላ ጥቂት ወንድሞችን ሰብስበን ስም ሳንጠራ አስረዳን። ዛሬ ግማሹን አጎቱ፣ ሩቡን ጀመዓው፣ ቀሪውን አባቱ ይሸፍናሉ። ልጁ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ከእኩዮቹ ገና ያንሳል፤ ምናልባትም ሁልጊዜ ያንስ ይሆናል። ያ የባከነ አራት ዓመት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ይህንን ስንናገር ጥፋቱ የእኛም መሆኑን አንረሳም።

አንድ ጊዜ ይህንን ልጅ ከመድረሳ ሲወጣ «ምን ያስቸግርሃል?» ብለን ጠይቀነው ነበር። መርፌውን የሚል መስሎን ነበር። «መርፌው ምንም አይደለም፤ ጩጬ ሲሉኝ ነው» አለን። ወላጆች፣ አስተማሪዎች፣ የመድረሳ ኡስታዞች፣ ልጅን በቁመቱ አትጥሩት። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጅ የስድስት ዓመት ልጅ ስለመሰለ ብቻ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ አታናግሩት፤ በሰፍም ከሕፃናት ጋር አታቁሙት።

ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት

ልጃችሁን ያለ ጫማ ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሙት። ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይመልከት። ጭንቅላቱ ላይ መጽሐፍ በአግድም አሳርፋችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ቀኑን ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት። ዓመት ሲሞላ ልዩነቱን ለኩ። ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዓመት መጠበቅ ለማትፈልጉ ደግሞ የዓምናውን የዒድ ልብስ ከሣጥን አውጥታችሁ አልብሱት። እጅጌው ካጠረ አልሐምዱሊላህ። የዓምናውም የካቻምናውም እንደተሰፋ ልክ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ።

«ይረዝማል» የሚላችሁ ሰው፣ ኢማምም ቢሆን፣ የልጁን አጥንት አላየም።

ለታመሙ ልጆቻችን ሁሉ አላህ ሺፋውን ያምጣ፤ ለወላጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።